ሃምሳ ፊልስ

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ፣ ጣቷ ላይ ሂና የደመቀ፣
«ለምን ጉዳይ መጣህ?» አለች፤ ምላሴ ደረቀ።
እትብቴ እዚህ ተቀብሯል ልበላት? አልተቀበረም፤
በሆስፒታል ባልዲ ሄዷል፤ የት እንደጣሉት የሚያውቅ የለም።
በእሷው ዐረብኛ፣ በዴይራ ልጆች አነጋገር
ልነግራት ዳድቶኝ ነበር፣
ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ግን ያጉረመርም ጀመር።
«ጉብኝት» አለ አንደበቴ።
ማህተሟን አሳረፈች፤ ሠላሳ ቀን፣ ለገዛ ልጅነቴ።

ፍሪጅ ሙራር ገባሁ በእግሬ፣ በነሐሴ ወበቅ፣
መነጽሬን እንፋሎት ሲጋርደው፣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ሲጣበቅ።
ከኢራናዊው ዳቦ ቤት ጎን፣ ያ ባለሦስት ፎቅ፣ ሊፍት አልባው፣
ግድግዳውን ጨው የበላው፣
የለም።
መኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ለሰዓት አራት ድርሃም።
ቁጥር አርባ ሁለት ላይ ቆምኩ፤
የእናቴ አልጋ በነበረበት ነጭ ላንድክሩዘር ተኝቷል፤
ደረጃችን በነበረው ባዶ አየር ላይ ርግብ ይመላለሳል፣
ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል፣
የሚያርፍበት ሲያጣ ይወርዳል።

እዚያ ላይ፣ ከመሬት ስምንት ሜትር፣
እናቴ ለናይፍ ልብስ ሰፊ፣ የአባያ ጫፍ ላይ ዶቃ ስትደረድር ታድር ነበር፤
ኤሲው ሲያስል፣ ሲያንጠባጥብ፣
እኔ በደረቴ ተኝቼ ከምንጣፉ የወደቀውን ስሰበስብ።
አንዲት ፍሬ ብትጎድል ከደመወዟ ነው የሚቆረጠው።
ጥቁር ልብሱ፣ ጥቁር ዶቃው፣ ጥቁር ሌሊቱ፤
ዓይኗ ነው ተሰፍቶ የሄደ፣ በየሰው ሠርግ፣ በየቤቱ።

የኩንጁሞን ሱቅ አለ። ኩንጁሞን ግን የለም።
ልጁ ነው ሚዛኑ ጋ፤ እኔን አያውቀኝም።
«ፓራታው ላይ አይብ ቀብተህ፣ ቺፕስ ሰባብረህ» ስለው
ሳቀ፤ «ይሄን የሚያዙ ሸምግለዋል» አለና ጠቀለለው።
አባቱ ደብተር ነበረው፣ ዱቤ የሚጽፍበት፣
«ሐበሻ ማማ፣ ሁለተኛ ፎቅ» የሚል ገጽ ያለበት።
የእናቴ ከፊል ሲሞት፣ በሳምንት ነው የወጣነው፤
አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀን፣ ያን ገጽ ሳንዘጋው።
«ስንት ነበር?» አለኝ።
አላውቅም። መቶ ሰጠሁት።
የፓራታውን ብቻ ወስዶ፣ መልሱን ቆጥሮ መለሰልኝ።

ያቁብ ባሉቹ የት ገባ? ሺጂናስ? የቱ ጋ ነበር ጎላችን?
ስንሰዳደብ በኡርዱ፣ በዐረብኛ ስንታረቅ፣
ማታ በአማርኛ ተገርፌ፣ እንቅልፍ እስኪጥለኝ ስነፋረቅ።

አመሻሹን ኾሩ ዳር ወረድኩ፣
ባሕር ከተማው ውስጥ ምላሱን የሰደደበት።
ጀልባውን «አብራ» ነው የሚሉት፤
እናቴ ትስቅ ነበር፣ «ማንን ነው አብራ የሚሉት?
ኩራዝ አለ እንዴ ውሃው ላይ?»
ዛሬም አብራ ሞልቷል፤ አብራኝ ግን የለችም።

በኪሴ ሃያ ስድስት ዓመት የቆየ ሃምሳ ፊልስ፣ ባለሰባት ጥግ፣
ለባለጀልባው ዘረጋሁለት፤ ሸፊቅ ነው ስሙ፣ ከቺታጎንግ።
አገላብጦ አየውና፣ «አሁን አንድ ድርሃም ነው፤
በዚህስ እስከ ግማሽ ነው የምወስድህ፣ የቀረውን ትዋኘዋለህ» አለ።
እንደ ሕፃን መዳፌን ዘርግቶ መልሶ አስቀመጠልኝ።
ድርሃሙን ከፈልኩ።

ግማሹ ላይ ስንደርስ፣ የጭነት መርከብ እስኪያልፍ ሞተሩን ገታ።
ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት፣ ከቄራ፤ እዚያም ሆኗል ማታ።
«አገኘኸው ቤቱን?»
«አለ» አልኳት። «ቀለሙን ብቻ ለውጠውታል።»
«በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል?»
«ተሰጥቷል።»
«የማን?»
ማዕበሉ ጀልባውን ከጎን መትቶ እጄን አራሰው።
«የልጅ ነው» አልኳት።
«ገና ውሃው ያንጠባጥባል።»