የስም ሳጥን

ሚንዮ የሚባል ወንዝ ባሕር በሚገባበት፣
ዝናብ የሸክላ ጣሪያ ሲቀጠቅጥ በሚውልበት፣
ከመካነ መቃብሩ በር ጎን፣ ካንዲት ጠባብ ክፍል፣
ሙታንን በፊደል ተራ ስትደለድል፣ ስትከፍል
ሠላሳ ዓመት የኖረች ጸሐፊ አለች፣ ኢዳሊና፤
መነጽሯ በክር ታስሮ ካንገቷ የሚወዛወዝ ገና።

ድሮ መዝገቡ ወፍራም ነበር፣ ቆዳ የለበሰ፤
ስም ሲረዝም ወደ ኅዳጉ ሽቅብ እየፈሰሰ፣
እንደ ሐረግ ታጥፎ፣ ጥጉን ይዞ እየተሳበ፣
ማንም ሳይቆርጠው እስከ ዳር እየተነበበ።

ኋላ እኔ መጣሁ።
ማዘጋጃ ቤቱ ቀጠረኝ፤ ቅጹን በሁለት ቀን ሠራሁ፤
ለስም አንድ ሳጥን፣ ለሞት ቀን አንድ ሳጥን፣
ለረድፍ፣ ለቁጥር፣ ለክፍያ፣
ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በፍርግርጉ ነጥብ ላይ፣
በግራ ጠርዝ ተሰልፎ እንደ ምልምል ወታደር።
«ቆንጆ ነው» አልኩ ለራሴ። ቆንጆም ነበር።
ማንም ያልተጻፈበት ቅጽ ሁሌም ቆንጆ ነው።

በኅዳር ሴኞር ቤልሚሮ ፓስ መጣ፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣
የሚስቱን የመቃብር ወረቀት ሊወስድ።
ማተሚያው አጉረመረመ። አነበበ፦
«ማሪያ ዳ ፑሪፊካሳዎ ኬይ»
ወረቀቱን ገለበጠ፤ ጀርባውን አየ።
«የቀረውስ?» አለ።

ኢዳሊና ፊቷ ቀላ፦
«ውስጥ አለ፣ ሴኞር፤ ሙሉ ስሟ አለ፤
ሳጥኑ ጠቦ ነው እንጂ ምንም አልጎደለ።
ብቻ፣ አይታይም።»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፦
«እንግዲያው እንደሷው ነው።
አለች፤ ብቻ፣ አትታይም።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?
እኔ ግን ባራት ሳንቲ ሜትር ስንቱን ቀበርኩት?
አባቷ ሳምፓዮ፣ አያቷ አብሬው፣
ከጠርዙ ማዶ፣ በጨለማ፣ ተራ እየጠበቁ።

ቅጹን በንድፍ ገጹ ከፈትኩት።
ሳጥኑን ስነካው ስምንት ጥቃቅን ካሬዎች ዙሪያውን በሩ፣
እንደ ሌላኛው ሳጥን እጀታዎች፣ ሰው እንደሚሸከማቸው።
የቀኙን ይዤ ጎተትኩ።
ስሟ ሰፋ፤ የሞተችበት ቀን ላይ ወጣ፤
ቀኑን ገፋሁ፤ ቀኑ ረድፉን፣ ረድፉ ቁጥሩን፣
እንደ ጠባብ አግዳሚ ወንበር፦
መሐል አንድ ሰው ሲጨመር ዳር ያለው ይወድቃል።
አተምኩት። ስሟስ ወጣ፣ ግን የገጹን ወርድ አለፍኩና
ከያንዳንዱ ሙት ቀጥሎ አንድ ባዶ ወረቀት
ማተሚያው ይተፋ ጀመር፤ ነጭ፣ ደግሞ ነጭ፣
ኢዳሊና ከወለል እየለቀመች፦
«ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

ተመለስኩ። አሁን በመዳፊት አልነበረም፤
ኮንትሮልን ተጭኜ፣ በቀስቶቹ፣ ነጥብ በነጥብ፣
የተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደሚያስተካክል።
ለክፍያ ያን ሁሉ ሜዳ ማን ሰጠው? እኔ።
አጠበብኩት፤ ላርባ ዩሮ ሁለት ጣት ይበቃል።
ቀኑንም አሳጠርኩ፤ ሞት በስምንት አኃዝ ያልቃል።
ለስሙ ግን «ሲሞላ ወደ ታች ይደግ» የሚለውን
አዎ አልኩት፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ዝቅ ይበልለት።

ሁለተኛው ወረቀት ወጣ፤ ስሟ በሁለት መስመር፦
ማሪያ ዳ ፑሪፊካሳዎ
ኬይሮጋ ሳምፓዮ ዴ አብሬው።
በጣቱ ተከተለው፣ እስከ መጨረሻው ፊደል።
እዚያ ቆመ። ከዚያ ጣቱ ዝቅ አለ
ምንም ወዳልተጻፈበት ሳጥን።
«ይሄስ?»

ኢዳሊና መነጽሯን አወለቀች።
«በዚያው መቃብር… የሁለተኛው ስም» አልኩ፣
ወለሉን እያየሁ። «እሱንም ላስፋው?»

አውራ ጣቱን ባዶው ላይ አስተኝቶ ለካ።
ባርኔጣውን አጠለቀ።
«ተወው» አለ፣ «የኔ አጭር ነው።
ልኬን አውቃለሁ።»