የአዎ አቅጣጫ

ሩሴ፣ ዳኑብ ዳር። የኪራይ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ፣
ሊፍቱ የሞተ፣ ደረጃው የማያልቅ።
ፍርድ ቤቱ ወረቀቱ ላይ ማኅተም እስኪያሳርፍ፣
ከልጁ ጋር እንድንተዋወቅ፣ እንድንላመድ፣ እንድናርፍ
ነበር የተባልነው። ማረፉስ ቀርቷል፤
ልጁ ሌሊት ይነሳል፣ ጫማችንን ይቆጥራል፦
ሁለት የኔ፣ ሁለት የሉቻኖ፣ ሁለት የራሱ።
ስድስት ከሞላለት ይተኛል፤ ይረጋል እስትንፋሱ።

ኦግንያን ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር።
ዶሴው ላይ ቁመቱ አለ፣ ክብደቱ፣ የክትባቱ ቁጥር፤
ስለ ሳቁ ግን አንድ መስመር የለም፣
ጨለማ ይፈራ እንደሆን፣ የትኛውን ይወድ እንደሆን ቀለም።

አስተርጓሚያችን ስቶያንካ ሦስት ቀን አብራን ዋለች፣
በአራተኛው ልጇ ታመመባትና ወደ ቫርና ሄደች፤
የተወችልን አርባ ቃል ነው፣ በካርቶን ላይ፦
«ውሃ»፣ «ሽንት ቤት»፣ «ትፈልጋለህ?»፣ «አመመህ?»፣ «ቆይ»።
ስለ አንገት ግን ምንም አላለችም።
እኔም አንገት ቋንቋ ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

«ወተት ትፈልጋለህ?» እላለሁ።
ግራ፣ ቀኝ ይላል አንገቱ።
ወተቱን አነሳለሁ።
ዓይኑ ይከተለዋል እስከ ማቀዝቀዣው፣ እስከ በሩ መዘጋቱ።
«ብርድ ልብስ ልደርብልህ?» ግራ፣ ቀኝ። አልደርብም።
«እጅህን ልያዝ?» ግራ፣ ቀኝ። አልነካውም።
አንድ ምሽት ሉቻኖ ከመዝገበ ቃላት ቃል ለቃል ለቅሞ
«ትፈራናለህ?» አለው፣ ጉልበቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ደግሞ ደጋግሞ።
ላይ፣ ታች አለ ልጁ፣ ረጋ ብሎ።
ባሌ በረንዳው ላይ አመሸ፣ አንገቱን ጥሎ።

ስምንት ቀን እንዲህ። ስንት ብርጭቆ መለስኩ፣
ስንት ብርድ ልብስ አጠፍኩ!
እሱም አልለመነ፣ አልተቆጣ፤ ዝም ብሎ ለመደ፦
መጠየቅ የሚወዱ ሰዎች፣ ለመስጠት እጃቸው የከበደ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ከገበያው ጀርባ፣ አራት ጠረጴዛ ባላት ምግብ ቤት፣
ፔንካ የምትባል ሴት ሾርባ ቀዳች። ባሪ ከተማ ሰባት ዓመት
አንዲት አሮጊት አስታማለች፤
ጣልያንኛዋ የኩሽና ነው፤ የመድኃኒት ሰዓት ስትጠራ ግን ትበረታለች።
«ትፈልጋለህ?» አልኩት ልጁን። ግራ፣ ቀኝ።
ሳህኑን ወደ ራሴ ስስብ ጭልፋዋ ጠረጴዛው ላይ ዘጭ! አስደነገጠኝ።
«አንቺ ሴትዮ!
አዎ እያለሽ እኮ ነው! እኛ ዘንድ ግራ ቀኝ እሺ ነው፤ ላይ ታች እምቢዮ!»

ሉቻኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ታዲያ ያኔ፣ ትፈራናለህ ስለው…»
አልጨረሰውም። «በርበሬው ነው» አለ፣ ዓይኑን ሲጠርገው።
ኦግንያን ሦስት ሳህን በላ።
ፔንካ የሁለቱን ብቻ አስከፈለችን፤ ሦስተኛው የዕዳችሁ ነው ብላ።

ያን ሌሊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ አንገቴን አስተማርኩት፣
አዎ፣ ግራ ቀኝ፤ አይ፣ ላይ ታች፤ እንደ ግትር በቅሎ ጎተትኩት።
አርባ ስድስት ዓመት አንድ መንገድ የሄደ አጥንት፣
በአንድ ሌሊት አይመለስም። ግን ሞከርኩት።

ዛሬ ማኅተሙ አርፏል። ባቡር ጣቢያ ቆመናል፤
ካርቶኑን ከነአርባ ቃሉ ደረት ኪሱ ከትቶታል።
መጠየቅ አልነበረብኝም፤ አፌ ግን አያርፍ፦
«አብረኸን መምጣት ትፈልጋለህ?» አልኩት፣ ሰው ሲጋፋ፣ ሻንጣ ሲያልፍ።

ላይ፣ ታች አለ።

የማውቀውን ሁሉ አውቄ ጉልበቴ ከዳኝ።
እሱ ግን ፊቴን አየና ግራ ገባው፤ ደግሞ፣ ቀስ ብሎ፣ ለዘገምተኛ ተማሪ እንደሚያስረዳ፣ ላይ፣ ታች አለኝ።

ለካ መስታወቱ ፊት የቆምኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

የሶፊያው ባቡር ጮኸ። የቦርሳዬን ማንገቻ ይዞ ቀድሞኝ ወጣ።
ወንበራችን ላይ ስንቀመጥ ጎንበስ አልኩ፤
ከወንበሩ ሥር፣ አንድ በአንድ፣
ጫማ ቆጠርኩ።