ማተሚያው ላይ የተረሳ ወረቀት

ማክሰኞ ጧት ነበር፤ ዊኒፔግ፣ በጥር፣
የፈረቃ ዝርዝር ላነሣ ስሻገር፣
ከማተሚያው አፍ ላይ ገና ያልበረደው
ወረቀት ሌላ ነው እጄ የወሰደው።

የሥራ አስኪያጆች ስም፣ በየስሙ አኃዝ፣
ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ደመወዝ።
ብሬንት ሦስተኛ ነው፣ እኔ ደግሞ አምስተኛ፣
በመካከላችን አንድ ቁጥር ተኛ፤
ዐሥራ አራት ሺሕ ዶላር።

ብሬንትን ያሠለጠንኩት እኔው ነኝ ራሴ፤
የመጀመሪያ ቀን ያጠለቀው ጓንት የወጣው ከኪሴ።
የበረዶ ዓሣ የት እንደሚደረደር፣
ፎርክሊፍት በጠባብ መንገድ እንዴት እንደሚዞር፣
የከባድ መኪና ሹፌር ሲቆጣ በምን እንደሚበርድ፣
ሁሉን አሳየሁት። ደግ ልጅ ነው፤ በእሱ አልፈርድ።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚሉት ተረት
ባሕር ማዶ የቀረ መስሎኝ ነበር፣ እውነት፤
እሱ ግን ያለ ቪዛ ተሻግሮ ቀደመኝ፣
ቢሮ ይዞ፣ ክራባት አስሮ ጠበቀኝ።

ወደ ኋላ ቆጠርኩ፣ ዓመት በዓመት፤
የመጀመሪያው ሽንቁር ቃልአብ የተወለደበት፣
ሁለተኛው ደግሞ ሶስና የመጣችበት።
ግምገማዬ ላይ «በሥራዋ ላይ አልነበረችም» ይላል በአጭር።
ልክ ነው፤ አልነበርኩም፤
ሰው እየሠራሁ ነበር።

ብሬንትም አምና ወለደ፤ ኬክ ተቆርሶ አጨበጨብንለት፤
«አሁንማ የቤተሰብ ኃላፊ ነው» ተባለ፣ ተጨመረለት።

የልጆች ማቆያው ቤት አይቀልድም በሰዓት፤
ከዐሥራ ሁለት ያለፈች እያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ዶላር ናት።
እዚያ ማርፈዴ በደቂቃ ይሰፈራል፣
እዚህ ልፋቴ በዓይን ይገመታል።

ኮሊን የሁላችን አለቃ፣ ሦስት ልጅ ያሳደገች፣
ወረቀቱን አየች፤ መነጽሯን አወለቀች።
«ጉዞ የበዛበት ቦታ አትፈልጊም ብለን ነው፤ ልጆች አሉሽ» አለች።
«ጠይቃችሁኝ ነበር?»
ተነሥታ በሩን ዘጋች።
መስኮቱን እያየች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ከእኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው
ያገኝ የነበረውን አልደረስኩበትም፤ ስምንተኛ ዓመቴ ነው።»

ጉድጓድም እንደ ሕንፃ ፎቅ አለው ለካ።
አዘንኩላት፤ ተናደድኩባትም፤
ቁጣዬ ግን በለጠ። ፊርማዋ አለበት፣ በእኔ ደመወዝ ላይ።

እዚህ ዊኒ ይሉኛል፤ ለምላስ ይቀላል።
የቅጥሬ ቀን «እንዲህ ብንልሽስ?» ሲሉኝ ሳቅሁ፣ አልተከራከርኩ፤
ያኔ ነው ለካ በቅናሽ የተሸጥኩ።

ማታ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ።
መኪናዬ እንደ ላም በኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳ ታስራ፣
ፈታኋት። ሞተሩ እስኪሞቅ ስልኬን አወጣሁ።
«ይቅርታ፣ ላስቸግራችሁ» ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁ።
«ይቅርታ» ደግሞ መጣች፤ እሷንም አጠፋሁ።
ቁጥሩን ጻፍኩ፤ ዐሥራ አራቱንም ሺሕ፣
ካለፉት ስድስት ዓመታት ጋር።
ከታች ዊኒ አላልኩም።
ውድነሽ።
ላክሁት።

ማቆያው ደጃፍ ስደርስ ዘጠኝ ደቂቃ አልፏል፤
ሶስና ካፖርቷን ለብሳ፣ በር ላይ ተኝታለች።
ዘጠኝ ዶላር ከፈልኩ።
ደረሰኝ ጠየቅሁ።