መሃለኛዋ ኳስ

በጎቢ በረሃ ዳር፣ ባዳሪ ትምህርት ቤት፣
ውርጩ አየሩን አድርቆ እርጥበት በነሣበት፣
ማበጠሪያ ሲቀርብ ጠጉር በሚያምጽበት፣
ማታ ሹራብ ሲወልቅ ጨለማው ብልጭ በሚልበት፣
በዚያ ወር፣ ባንድ ማክሰኞ፣ መምህርት ናራንጌሬል
ሦስት ቀላል ኳሶች በሐር ክር አንጠልጥላ ሰጠቻቸው ሙል፤
ለግራና ለቀኙ ከላስቲኩ ዘንግ፣ ባንድ ልክ፣ ባንድ ምት፣
ለመሃለኛዋ ተቃራኒውን፣ ጥቂት፣ ከመስታወት።

"ልብ በሉ" አለች፣ ጠመኔ አንሥታ፣
"ሙል ወሬ አይሰማም፤ ሦስተኛው ቢመጣ
የሁለቱን ነገር አያባብስ፣ አያበርድ፤
ሁሉም ከየጥንዱ፣ ሌላው እንደሌለ፣ ይስባል፣ ይገፋል፤
ከዚያ ነው ድምሩ፣ ቀስት በቀስት ጫፍ ሲቀጠል።
ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይል ሩብ ይሆናል፤
አራት እጥፍ ብትርቁ፣ ካሥራ ስድስት አንዱ፤
ግን ሁሌም ይተርፋል።"

"ቴሙለን፣ ተነሥ፤ መሃለኛዋን ምን ያህል ኃይል ያዛት?"
ልጁ ከኋላ መጣ፣ እጅጌው አጥሮት፣
"ዜሮ" ብሎ ጻፈ። ክብ። ሳያመነታበት።
ልክ ነበር።
እሷ ግን አላለፈችው፦ "ዜሮ ድምሩ ነው፤
ጉተታው የት ሄደ? ሁለት ጉልበተኛ
ገመድ ቢጎትቱ፣ ካልተንቀሳቀሰ፣ ላላ ልንለው ነው?"

ዝም አለ።
አባቱ ደቡብ ነው፣ መዳብ የሚወጣበት፤
እናቱ ሰሜን ነች፣ ከተማው ፎቅ ላይ፣ በስፌት፤
ሁለቱም በስልክ፣ ሁለቱም እሑድ ማታ፣
"ለነጩ ወር በዓል የምትመጣው ወደኔ ነው፣ አይደል?"
ባንድ ዓይነት ዝግታ።
መንገዱ እኩል ነው፤ ያውቶቡስ ዋጋውም።
የማደሪያዋ ኃላፊ ፑረቭሱረን ታመሰግነዋለች ሁልጊዜም፦
"እንዲህ ያለ የረጋ ልጅ አይቼ አላውቅም!"

በሩ ተከፈተ። ያረፈደች ልጅ፣ ነፋስ አስከትላ።
መሃለኛዋ ኳስ የጠጉር ያህል አዘነበለች፤
የቀረባት በረታ፣ የራቃት ላላ፤
ሄደች፤ ግራዪቱን ነካች፤ ከነካቻት ጋር ተመሳሰለች፤
ወዲያው ተገፋች።
"መሃል መቆም ይቻላል" አለች መምህርቷ፣
"መሃል መቆየት ግን…" ቀረ ባንደበቷ።

ቴሙለን ዜሮውን አላጠፋውም። በግራ በቀኙ
ሁለት ቀስት ሳለ፤ ረዘሙ፤ ሰሌዳው አልበቃ አላቸው፤
ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።
ትከሻውን ነካችው። ከሹራቡ ሰማያዊ ብልጭታ
ጣቷን ጠቅ አደረጋት፤ "ውይ!" አሉ ሁለቱም።
ክፍሉ ሳቀ።
እሱም፣ ስብርባሪውን ከወለሉ እየለቀመ።