ሃያ ሁለት ሜትር

ከዋናው ቤት ቆጣሪ እስከ ጓሮው ክፍል
ሃያ ሁለት ሜትር፣ በኮክ ዛፉ በኩል።
መኳንንት በእግሩ ለካ፣ በሜትርም ደገመው፣
ሁለቱ ሳይስማሙ ትልቁን ጻፈው።
«ገመድ ከረዘመ ይጠቀለላል፣
ካጠረ ግን» አለን፣ «ሙያ ያሰድባል።»

እርሳሱን ከጆሮው ጀርባ አወጣና
የሲሚንቶ ከረጢት ቀድዶ ዘረጋና
ቤታችንን ሣለው። እጁ እንደ ዶማ ነው፤
ሲጽፍ አይባልም፣ ሲያርስ ነው የምንለው።

ለብቻ ቆጣሪ ብናስገባስ? አልን።
«ማመልከቻ ጻፉ» አለ፣ «ልጅ ይወለዳል፣
ይድሃል፣ ይቆማል፣ ፊደል ይቆጥራል፣
ቆጣሪው ገና ነው።» እሱን ተውነው።

«በሉ ንገሩኝ፣ ምን ምን ይሰካል?»
ሬዲዮ። ካውያ። ሻይ ማፍያ። ይበቃል።
ደግሞ ለክረምቱ፣ ለዚያ ለግድግዳው ላብ፣
አንድ ማሞቂያ አለ፣ ሁለት ሺህ ዋት አስብ።
መኳንንት አፏጨ።
«እንግዲያው ገመዱ ባለ ስድስት ካሬ ነው፤
ባለ አራቱ ይግላል። ከብልኮ የተነሣው ኃይል
እኛ ጋ ሲደርስ እያነከሰ ነው፣
በቀጭን መንገድ አናስኬደው።»
ወንድሜ አስናቀ፣ ኪሱን የያዘ፣
በየቁጥሩ ላይ ፊቱ ደነገዘ።

«አምፖልስ ስንት ይሁን?» ሲል ግን መኳንንት
ሁላችን ዝም አልን፣ አየን ወደ መሬት።
አክስቴ ይርገዱ ናት ክፍሉን የምትገባው፤
ዓይኗን ግላኮማ ከወሰደው ሰባት ዓመቱ ነው።
«አምፖሉስ…» አለ አስናቀ፣ «ለጊዜው ይቆይ…»

ከኮኩ ሥር ተቀምጣ ነበር።
ሠላሳ ዓመት በቴሌ፣ አዘዞን ከደባርቅ፣
መተማን ከጎንደር በሽቦ ያገናኘች ሴት ናት፤
ጆሮዋ ጡረታ አልወጣም።
«ሁለት አድርግ» አለች፣ «አንዱን ከበሩ በላይ።
ለእኔ መሰላችሁ? ለሚመጣው ሰው ነው።
ጨለማ ቤት ማን ያንኳኳል?
ማብሪያውን ደግሞ ከእጄ አጠገብ፤
እንግዳ ሲመጣ የማበራው እኔ ነኝ፣
ሲሰለቸኝ የማጠፋውም እኔ።»

አስናቀ ቀላ።
መኳንንት ሁለት ክብ ሣለ፣
የእርሳሱ ጫፍ እስኪሰበር ተጭኖ።

በማግስቱ ቦዩን ጀምረን ስንቆፍር
ዶማው ጮኸ፤ ኖራ ያሰረው ድንጋይ ነበር።
ጎንደር አይደል? ሽንኩርት ልትተክል ብትምስ
ግንብ ታገኛለህ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤
አንዱ «የነገሥታት ነው» አለ፣
አንዱ «ኧረ የጣሊያን ነው»፣
ጋሽ ውቤ ግን ከአጥሩ ወዲያ አንገታቸውን አውጥተው
«የአባቴ ሽንት ቤት ነው፤ ድንጋይ ያቀበልኩ እኔ» ብለው ዘጉት።
ያም ሆነ ይህ መኳንንት ግንቡን እጅ ነሣ፣
ቦዩን በጎኑ አዞረው፤ ሁለት ሜትር ተጨመረ።
«አላልኳችሁም?» አለ፣ ደስ ብሎት።

የመዳብ ዘንግ ደግሞ ከጥጉ ይቀበራል፣
ከሥሩ ከሰልና ጨው ይደረግለታል።
«ምን ሊሠራ?» አለች ይርገዱ።
«ያፈተለከ ኃይል ካለ፣ እትዬ፣ ሰው ሳይነካ አፈር ይግባ ነው።»
«ሁላችንም ወደዚያው ነን» አለች፣
«ጨው የሚያደርግልን የለም እንጂ።»

ማታ መብራት ሄደ፣
እንደ ልማዱ፣ ሳይሰናበት።
ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ፣ እኛ ዙሪያውን፤
የአስናቀ ስልክ ባትሪው አልቋል፣
ክብሪቱም የት እንደገባ እንጃ።
ይርገዱ እጇን ዘረጋች።
የመኳንንትን እርሻ በጣቷ ጫፍ ተከተለች፣
ድሮ መስመር ስትፈልግ እንደምታደርገው፣ ቀስ እያለች።
«ይኼ ቆጣሪው። ይኼ ኮኩ።
እዚህ ጋ ይታጠፋል፣ የጋሽ ውቤ አባት ግንብ።
ይኼ በሬ። ይኼ አምፖሌ…»
ቤቱን በጨለማ አነበበችልን፤
እኛ እንደ ተማሪ አንገታችንን አስግገን።

ጣቷ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።
«ከአልጋው ራስ ሶኬት የለም» አለች።
«ሬዲዮዬን ምን ላይ ልሰካው ነው?
ለመኳንንት ንገሩት፤
ነገ እርሳሱን ቀርጾ ይምጣ።»