ዐሥራ ሁለቱ

እሑድ ስምንት ሰዓት፣ ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ፣
ሲንጀሬ ፊት ተቀምጬ፣ ክሩ በመርፌ ሲገባ፣
«የትዝታ ሰዓት» ይላል ከመደርደሪያው ላይ ድምፁ፣
በጥቁር ፕላስተር ታስሮ የተሰነጠቀው ገጹ።

የትኛው ዘፈን መጣ ብለህ አትጠይቀኝ፣
ሳይጀምር አውቀዋለሁ፤ እጄ ነው የሚነግረኝ፦
በአንደኛው ኮሌታ፣
በሦስተኛው ኪስ፣
በአምስተኛው የሱሪ ጠርዝ ስቀለብስ፣
ሰባተኛው ላይ ያቺ ሳክስፎን ስታለቅስ
ቁልፍ እተክላለሁ።
ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።
ዐሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ አንደኛው ይመለሳል፣
እንደ ማራኪ ባጃጅ ዞሮ ፒያሳ ይደርሳል።

ጓንጉል በነበረ ጊዜ፣ ነፍሱን ይማርና፣
ካሴቱን ይዞ ይመጣል በካርቶን፣ የሳሙና፤
አንዱ ስም የለውም፣ አንዱ በእርሳስ ተጽፎበት፣
አንዱ ሻይ ፈስሶበት፣
የመተማ ሾፌር ያመጣው የሱዳን ዜማ፣
ቃሉን ሳያውቅ በአፉ የያዘው ሙሉ ከተማ፣
ከጭልጋ የወረደ ዋሽንት፣ የአስመራ ጊታር፣
የፖሊስ ማርሽ ባንድ፣ ጥሩምባ ብቻ የሚናገር።
ካሴቱ ሲበላበት «እርሳስ አቀብሉኝ» ይላል፣
እዚያው አየር ላይ፤
ከተማው እስኪጠቀልል ይጠብቃል።

እንጉዳይን የሰማኋት ከዚያ ካርቶን ነው።
የአውራጃው ኪነት ልጅ፤ ዘፈኗ አንድ ነው።
ስለ አንገረብ ጎርፍ፣ በሌሊት ስለመጣ፣
ማዶ ስለቀረ አንድ ጫማ፣ ጌታውን ስላጣ።
ድምፅዋ እንደ አዲስ አቡጀዲ ይሻክራል፣
ውኃ ያልነካው፤ ጆሮ ላይ ኮሽ ይላል።

ባለፈው ወር ደወልኩ፣ ካርድ ሞልቼ።
ልጅቱ ትሁት ናት። «አባባ፣ ምን ልጋብዝዎ?»
«እንጉዳይን።»
«እንጉዳይ? የሚበላው?» ሣቀች፣ ሣቅሁ።
ቁልፍ ነካ ነካ ስታደርግ ይሰማኛል።
«ኮምፒውተሩ ላይ የለችም፣ አባባ። ሕዝብ የሚወደው ነው የተጫነው።
ካሉት አንዱን ይምረጡ።»
መረጥኩ እንግዲህ፣ ሰፈሩ እየሰማኝ፤
ሰባተኛውን አልኩ፣ ሌላ ምን አለኝ።
አሁን እኔም ተቆጥሬያለሁ
ሰባተኛውን ከሚወዱት ሕዝብ ጋራ።

ደግሞ አልዋሽም፣ ሰባተኛው ክፉ አይደለም።
አንደኛውም በጎረምስነቴ ያስለቀሰኝ ነው።
ግን የሚወዱት ሸሚዝ ነው ክርኑ ቶሎ የሚሳሳ፤
ባለቤቱ አያየውም፣ ክንዱን እስኪያነሣ።

ዛሬ አራተኛው መሃል ላይ መብራት ሄደ።
ራዲዮኑ ዝም። ከፊት ለፊት ወፍጮ ቤቱም ዝም።
ለካ ያ ሁሉ ጩኸት ሲነሣ
ሰፈሩ ውስጥ ዶሮ አለ።
ለካ ሰው ያንጎራጉራል፦
ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ቅንድቡ ዱቄት የሆነ ዋኘው፣
አንገረብን፣ ጎርፉን፣ ሌሊቱን።

መቀሱን ጣልሁ። «አንተም ታውቃታለህ?»
«እንጉዳይን? እንዴት አላውቃት!»
አብረን ያዝናት። ጎርፉን አሻገርነው፣
ጫማው ዘንድ ደረስን፤
ከዚያ ምን ነበር? የማን ጫማ ነበር?
እሱ አፉን ከፍቶ ቆመ፣ እኔም ቆምሁ።
ግጥሙ እንደ አሮጌ ክር እጃችን ላይ ተበጠሰ።
ጫፉን በምራቅ አርጥበን ፈለግነው፤
ቀዳዳው ጠፋን።
ጓንጉል የለ። ካርቶኑን ራዲዮ ጣቢያው ኮሪደር ላይ
በር ደግፎ አየሁት የሚል አለ፤
የለም ተጥሏል የሚልም አለ።

መብራቱ መጣ።
ወፍጮው ጮኸ፣ ዋኘው ሮጠ፣
ራዲዮኑ እኛን አልጠበቀም፣ አምስተኛው ላይ ደርሷል።
የሱሪውን ጠርዝ አነሣሁ፤ እጄ ያውቀዋል።

ግማሹን ሳልሰፋ ቀና ስል፣
ዋኘው በወፍጮው በር፣ በዱቄቱ ጭጋግ ውስጥ፣
ጆንያ ተደግፎ አንድ እግሩን ወደ እኔ ያነሣል፤
በጣቱ እየጠቆመ አንድ ነገር ይጮኻል።
ቃሉ አይሰማም።
እግሩ ግን ግራው ነው።