አትብዛ

አባታችን በአርባ አንድ ዓመቱ፣ በሰርዲን ወቅት፣ ወደቀ፤
ጀልባው ማቶዚኞሽ ወደብ እንደታሰረ መረቡ ደረቀ።
ጎረቤት ወይኑን አማ፣ እናታችን ጨዉን፣
ሐኪሙ ግን ዝም ብሎ ትከሻውን ሰበቀ።

ከዚያ ወዲህ እኔና ታላቄ ዴኦሊንዳ
ሰርዲን ፋብሪካ ገባን፤ እሷ ራስ ትቆርጣለች፣
እኔ ጅራት ከራስ አጋጥሜ አስተኛለሁ፣ ቆዳው ሳይጎዳ፤
ከቀበቶው ጫፍ ሁለት ተቆጣጣሪ ቆመው
«ይሄ ይለፍ፣ ያ ይውጣ» እያሉ ይለቅማሉ
ጣሳ የነፋ፣ ጣሳ የጎበጠ፣ ጣሳ የቀዳዳ።

ዶክተር ቬሎዙ ይህን ሲሰማ ብዕሩን ጣለ፤
«እንግዲያው ሥራውን ታውቁታላችሁ» አለ።
«በአንጀት ግድግዳም በየሕዋሱ ሁለት ተቆጣጣሪ አለ፣
አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት የታደለ።
ትእዛዛቸው አንዲት ቃል ናት፤
ሕዋሱ ያለ ቅጥ ልራባ ሲል የሚሏት፦
                    አትብዛ።
ከአባታችሁ በመጣው ላይ ሁለት ፊደል ረግፈዋል፤
‹አት› ወድቃ
                    ብዛ
ብቻ ቀርቷል።»

ብዛ! ቄሱ በሠርጓ ቀን የመረቋት ምርቃት፣
ሌት ተቀን እየተደገመ አንጀቷን ሞላት።

አንደኛው ዘብ ከልደቷም አልነበረም፤ ሁለተኛው
ብቻውን ቆሞ ቆሞ፣ በየጥጉ፣ ተራ በተራ፣ ሸለብ አረገው።
መቶ፣ ደግሞ መቶ፣ እንደ ምስር ፍሬ፣
ሐኪሙ በካሜራው ቆጥሮ ቆጥሮ ተወው።
አንዷ ምስር ግን ሌላም በር ሰበረች፤
«ተበላሽተሻል፣ ሙቺ» የሚላትን ሽማግሌ
አፉን ይዛ አስቀረች።

የእኔ ደብዳቤ ማክሰኞ መጣ። ቃሌ ሙሉ ነው፣ ፊደል አልጎደለም።
ሦስት ቀን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከረመ፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ፤
ያመለጠ ሰው ላላመለጠ በምን አፉ ይናገር? አልቻልኩም።

ዴኦሊንዳ ሽርጤን ልታጥብ ወስዳ አገኘችው።
ገበያ ወረደች፤ ለገና የሚገዛውን ያን የደረቀ ትልቅ ዓሣ
በሐምሌ ሙቀት ተሸክማ መጣች፣
ጠረጴዛው ላይ ወርውራ አሳረፈችው።
«ብዪ፣ ዛሬ ያንቺ ገና ነው።»

ትልቁን አንጀቷን ሙሉውን አወጡት።
«እንግዲህ አንጀት የሌለኝ ሴት ሆንኩ» ብላ ሳቀች፣
ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ።
አንጀት የሌላትስ እኔ፣ ሙሉውን ተሸክሜ
ከአልጋዋ አጠገብ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣
«እኔን አልነካኝም» ብዬ ደስ ያለኝ፣ በጠራራ ቀን፣ ቆሜ።

ልጇ ኢዳሊና አሥር ዓመቷ ነው። ሐሙስ ዕለት ደሟን ሰጠች።
መርፌው ሲገባ ዝም አለች፤
ነርሷ ብልቃጡ ላይ ስሟን ስትጽፍ ግን ጎንበስ ብላ፣
በጣቷ ፊደል በፊደል ተከተለች።
«አንዷን ረሳሻት» አለቻት።
ነርሷም ይቅርታ ጠይቃ፣ ጨመረች።